ተሳቢ የሚጎትት ያገለገለ ፒክ አፕ ስፈልግ ያየሁት ጉድ

እኔ ደሴ ላይ የኮንስትራክሽን እቃ ነው የማከራየው። ሁለት ሚክሰርና አንድ ባለጎማ ጀነሬተር አለኝ፣ ዛሬ ገራዶ ነገ ኮምቦልቻ ከነገ ወዲያ ሐይቅ፣ ሥራ ባለበት መሄድ ነው። ድሮ የማጓጉዘው አይሱዙ እየተከራየሁ ነበር፣ ሚክሰሩን ለመጫን አራት ሰው ለማውረድ ሌላ አራት ሰው፣ የጫኝና አውራጁ ሂሳብ ከመኪናው ኪራይ የማይተናነስ። አንድ ቀን ይሄ ነገር የራሱ ጎማ እያለው ምን አስጫነኝ አልኩና ተሳቢ የሚጎትት ያገለገለ ናፍታ ፒክ አፕ ፍለጋ ገባሁ። አምስት ወር ፈጀብኝ፣ ሰባት መኪና አየሁ፣ ሁለቱ ላይ ለትንሽ ነው ያልተበላሁት። መካኒክ አይደለሁም፣ የምጽፈው ያየሁትንና ከመካኒክ አፍ የሰማሁትን ነው፣ ሊገባበት ላሰበ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ የሚደረገው መኪና ማየት አይደለም፣ የምትጎትቱትን ነገር ክብደት ማወቅ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለት ወር ዞርኩ፣ ሰው "ስንት ኩንታል ትጎትታለህ" ሲለኝ "እንዲሁ ከባድ ነው" ነበር መልሴ። ኋላ ላይ ሚዛን ላይ አስወጥቼ ሳስመዝነው ጀነሬተሩ ከነፍሬሙ 14 ኩንታል ሆነ፣ ሚክሰሮቹ እያንዳንዳቸው 7 ኩንታል አካባቢ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀለለ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደምፈልግ ለደላላም ለመካኒክም በአንድ ቃል መናገር ቻልኩ።

ቀጥሎ ያለው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያን ሁሉ ከፍታ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ በጥምዝ በጥምዝ ነው የምትጨርሱት። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ሞክሮ የገዛ ሰው "ኃይለኛ መኪና ናት" ብሎ ያመጣትን እዚህ ስንቴ ዳር ይዛ ኮፈኗን ከፍታ ስትጨስ አይቻለሁ መሰላችሁ።

የማውቀው አንድ አንጋፋ መካኒክ አለ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው፣ ምክር ልጠይቅ ሄድኩና ሞዴል ምናምን መደርደር ስጀምር አቋረጠኝ። "አንተ ልጅ፣ ፈረስ ነው በሬ የምትፈልገው?" አለኝ። አልገባኝም። "ለመጎተት ከሆነ በሬ ግዛ፣ ለሰርግ ከሆነ ግን ቪጎ አለልህ" ብሎ ሳቀብኝ። (ቪጎ ከድሮዎቹ በኋላ የመጣው ሃይሉክስ ነው፣ እሱ ራሱ የሚነዳውም እሱኑ ነው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ።)

ከዛ በኋላ ቁጭ ብሎ የነገረኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። የድሮዎቹ ሃይሉክሶች 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትርና 5ኤል የሚባለው 3.0 ሊትር ሞተር ያላቸው ቱርቦ የላቸውም፣ ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒዩተር አይፈልግም፣ ባቲም ሂዱ ውጫሌ ሂዱ የሚሰራቸው ሰው አይጠፋም። ቀርፋፋ ናቸው ግን። ከነሱ በኋላ የመጡት ዲፎርዲ የሚባሉት፣ ቪጎ ላይ ያሉት 2.5ቱና 3.0ው፣ ቱርቦ አላቸው ጉልበታቸው ሌላ ነው፣ ነገር ግን ኢንጀክተራቸው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስለሆነ ቆሻሻ ናፍታ አይወዱም፣ አራት ኢንጀክተር ልቀይር ካላችሁ ደግሞ ዋጋውን ስትሰሙ ትቀመጣላችሁ። አይሱዙ ዲማክስ ለጉተታ ጥሩ ነው፣ 3.0ው ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በካቴና እንጂ በየጊዜው በሚቀየር ቀበቶ አይደለም። ላንድክሩዘር ፒክ አፕ ባለ 4.2 ሊትሩ ባለ ስድስት ፒስቶን ሞተር ግን እሱ የበሬዎች በሬ ነው፣ ዋጋው ደግሞ የኔን ሦስት ሚክሰር ሸጬ የማልደርስበት። (ሦስት የለኝም ሁለት ነው ያለኝ፣ ገባችሁ አይደል።)

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየር ያጥረዋል፣ በግምት በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ይቀንሳል፣ ደሴ ላይ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ትቶ ነው የሚሰራው ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለው ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ሲረገጥ ትንሽ ጥቁር ያለውን ሁሉ "ሞተሩ አልቋል" ብላችሁ አትሽሹ። የሚያስፈራው ሰማያዊው ነው፣ እሱ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ለትንሽ ጊዜ ታይቶ ከጠፋ ምንም አይደል፣ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ ጋርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታ (ራሱ የሞተሩ ራስ) ነው ነገሩ።

የመጀመሪያዋ መኪና ኮምቦልቻ ነበረች፣ ነጭ ቪጎ ደብል ጋቢና፣ ስታዩዋት ልብ ትሰርቃለች። ደላላው ስልክ ደውሎ "ምንም ወጪ የማትጠይቅ፣ ሞተሯ ያልተነካ፣ የመጀመሪያ ባለቤት" አለኝ፣ እነዚህን ሦስት ቃላት ሁሉም ደላላ የት እንደሚማራቸው አላውቅም። እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ፣ ኮፈኗን በእጄ ስነካው ትኩስ ነው። "አሁን ከቤት ነው የመጣችው" አለ። ቤቱ የት ነው ስለው በእጁ ያሳየኝ ከመንገዱ ማዶ ነው። እና ከመንገዱ ማዶ ነው እንዲህ የጋለችው? ዝም አልኩ። አስነሳት ተነሳች፣ በአንድ ቁልፍ።

አሁን ይሄ የኔ ትልቁ ምክር ነው፦ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ ቀን ላይ የሞቀ ሞተር እዛ የማይነሳበት ምክንያት የለም። መኪናውን ደሴ አምጥታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ ሳይለቅ አስነሱት። እኔም ወረቀት ተፈራርመን እኔ ግቢ ትደር አልኩ፣ ደላላው አጉረመረመ፣ ባለቤቱ ግን እሺ አለ። ጠዋት ማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ ቁልፍ ሰጠኋት፣ እንቢ። ደገምኩ፣ እንቢ። በሦስተኛው እየተንገጫገጨች ተነሳች፣ ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ፣ እናቴ ከኩሽና ወጥታ ምን ተቃጠለ አለች። ከዛ ደግሞ ችክ ችክ ችክ የሚል ድምፅ። ጋሼን ጠራሁት፣ ጆሮውን አስጠግቶ አንድ ደቂቃ ያህል ሰማና "ኢንጀክተሩ ሥር ያለችው መዳብ ዋሸራ ለቅቃለች" አለ። የዲፎርዲ የታወቀ በሽታ ነው አለኝ፣ ዋሸራዋ ስትለቅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ውስጥ ጥላሸት ይሰራና ከታች ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ወንፊቱ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት ያጥረዋል ከዛ ብሮንዚን በላ ኮሎ በላ ነው፣ ሞተሩ ከውስጡ ይፋቃል ማለት ነው። ዋሸራዋ ራሷ ርካሽ ናት፣ የሚያስከፍለው ሳይቀየር የተነዳው ኪሎ ሜትር ነው። መለስኳት። ደላላው እስከዛሬ ሰላም አይለኝም።

ሁለተኛዋን አልረሳትም። በአፋር በኩል ስትሰራ የኖረች ሲንግል ጋቢና፣ ባቲ ሄጄ ነው ያየኋት። ሞተሯ ሰዓት ነው፣ የዘይት መክደኛዋን ከፍተን እየሰራች ስናያት ትንፋሽ የሚባል ነገር (ከሞተሩ የሚወጣ ጭስ) የለም፣ ቀዝቃዛም ሙቅም ሞከርናት። ልገዛት ቀብድ ልሰጥ እጄ ኪሴ ገብቷል። አብሮኝ የነበረው ልጅ ግን ሥሯ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ልክ አይደለም። "ሻንሲው ለምን አዲስ ቀለም ተቀባ?" አለኝ። ገብቼ አየሁ፣ መኪናዋ ውጪዋ የተጫጫረ አሮጌ ነው፣ ከሥር ግን ጥቁር ቀለሙ ያብለጨልጫል። ሰው ማንም የማያየውን ቦታ ለምን ይቀባል? በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው አንዱ ጋ ጠንካራ ድምፅ ሌላው ጋ ደግሞ የጣሳ ድምፅ፣ ከኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበት አካባቢ ዝገቱ በልቶት በላሜራ ተለጥፎ ተበይዶ ነው የተቀባው። ኋላ ስንጠያይቅ ጨው ስትጭን ነበር። አፍዴራ የተመላለሰች መኪና ሻንሲዋን ሳታዩ አትግዙ፣ ተሳቢ ልታስሩባት ከሆነ ደግሞ በጭራሽ፣ ምክንያቱም ጉተታው በሙሉ የሚያርፈው እዛችው የኋላ ጫፍ ላይ ነው። እቃ ለመጫን ብቻ ቢሆን እሺ ትሰነብት ይሆናል፣ ለተሳቢ ግን የሻንሲ ብየዳ ማለት መንገድ ላይ ለሁለት መከፈል ነው።

ሦስተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ለኢንቨስትመንት ያስገባትን ፒክ አፕ ከገበያው ዋጋ በጣም ዝቅ አድርጎ ይሸጣል ተባለ። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ከቀረጥ ነፃ የገባች ስለሆነች ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡና ታክሱ ሳይከፈል በስማችሁ አይዞርም፣ "በውክልና ትነዳታለህ" ነበር ያለኝ፣ በውክልና እየነዳሁ ነገ ሰውየው ቢጣላኝስ? ቢሞትስ? ከድርጅት ጨረታ የሚወጡትም እንደዛው ናቸው፣ ቀረጡ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም ብላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ሌላ አንዷ ደግሞ ሊብሬዋ ምትክ ነበር፣ በ2014ቱ ጦርነት ጠፋ አሉኝ፣ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እዚህ አገር ያን ጊዜ ያልጠፋበት ሰው የለም፣ ግን የሻንሲ ቁጥሩን በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ጭቃውን ጠርጌ ሳየው ሁለት ፊደሉ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ሰላም ብዬ ሄድኩ። ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ድረስ ሄዳችሁ እዳና እገዳ አጣሩ፣ ሩቅም ቢሆን ሂዱ፣ ሻጩ "እኔ አጣርቼ አመጣልሃለሁ" ካለ ደግሞ አብራችሁ ሂዱ።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም ምክንያቱም ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ቆይቶ ውሸት ይሆናል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ እድሜ የጠገበ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ፣ ብሩም በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ተለቀቀ፣ ስለዚህ አሮጌ ፒክ አፕ ያለው ሰው እንደ ወርቅ ነው የያዘው። ተደራድራችሁ ብዙ ታስቀንሳላችሁ ብላችሁ አትጠብቁ፣ በተጨባጭ ጉድለት ካላሳያችሁ በቀር። እኔ ያስቀነስኩት በፍሪሲዮንና በጎማ ነው።

የገዛኋት ሐይቅ ነው የተገኘችው። በደላላም አይደለም፣ ሲሚንቶ የምወስድበት ቤት ስናወራ ሰምቶ አንድ ሰው ነው የጠቆመኝ። 5ኤል ሃይሉክስ፣ ሲንግል ጋቢና፣ ፎር ዊል ያላት፣ ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሀጂ ነው ሁሉም የሚላቸው። ኪሎ ሜትሩ የቆመ ነው፣ እሳቸውም አልደበቁኝም፣ "ልጄ እሱ ከቆመ ቆየ፣ እኔ ግን አልቆምኩም" አሉኝ። (ኪሎ ሜትሩ የሚሰራ ሆኖ ትንሽ ቁጥር ከሚያሳይ መኪና ይሄ ይሻለኛል፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ወጥቶ ኪሎ ሜትሩ 90 ሺ ሲል አይቻለሁ።)

ጠዋት ቀዝቃዛ ላይ አስነሳናት፣ ሁለት ዙር ብላ ተነሳች። ራዲያተሩን ከፍተን እየሰራች አየነው፣ የሚፈላ አረፋ የለም የዘይት ቅባትም የለም። ፍሪሲዮኗን ለማየት እጅ ፍሬን ይዤ በሦስተኛ ማርሽ ለመነሳት ስሞክር መጥፋት ነበረባት፣ አልጠፋችም፣ ሞተሩ ዝም ብሎ ጮኸ፣ ያ ማለት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የቀነሱልኝ በሱ ነው። ፎር ዊሉንና ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብተን አወጣን፣ ይሄን ብዙ ሰው አይሞክረውም፣ ለዓመታት ያልተነካ ማስገቢያ ደርቆ ይቀራል።

ከዛ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። "ሀጂ፣ የራሴን ጀነሬተር አስሬ ሐረጎ ላይ ልሞክራት ይፈቅዱልኛል?" አልኳቸው፣ እንቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። "አስረህ ሞክራት፣ ካልወጣች እኔስ ምን ላደርጋት ነው" ብለው ራሳቸው አጠገቤ ጋቢና ገቡ። ከኮምቦልቻ ጀምረን ወጣን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከኋላችን ሲኖትራኩ ጡሩንባ እየነፋ፣ ሀጂ ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ። ሙቀት ማሳያው ከመሃል ትንሽ ከፍ አለና እዛው ቆመ። ላይ ስንደርስ አላጠፋኋትም፣ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) እየሰራች ትንሽ ቆየችና ሥሯን አየን፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። በዛው ቀን ተስማማን።

እስካሁን ያለው ጥሩው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መውጣቷን ብቻ ነው የሞከርኩት፣ መውረዷን አይደለም። ያን ቀን ጀነሬተሩን ደሴ አሳደርኩት።

በሳምንቱ እሱኑ አስሬ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መንገዱ ነፃ ነበርና በአራተኛ ለቀቅኳት። ሁለት ሦስት ጥምዝ አልፌ ነው የገባኝ፣ ተሳቢው እየተጎተተ አይደለም፣ እየገፋኝ ነው። ፍሬን እይዛለሁ፣ ትንሽ ትቀንሳለች፣ ስለቅ ትሮጣለች። ከዛ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ፣ ከዛ ፔዳሉ እየለሰለሰ ወደ ታች መሄድ ጀመረ። ወደ ሦስተኛ ከዛ ወደ ሁለተኛ እያስጮህኳት አወረድኩ፣ እጅ ፍሬኑን ትንሽ ትንሽ እየሳብኩ በዳገቱ በኩል ካለው ሰፊ ቦታ ላይ አቆምኳት። እጄ ሲንቀጠቀጥ ቁልፉን ማውጣት አቃተኝ። የኋላ ታምቡሩ ላይ ውሃ ልደፋ ስል አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ወርዶ ጮኸብኝ፣ "አትድፋ ይሰነጠቃል፣ ተወው ራሱ ይብረድ" አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል አብሮኝ ቆሞ ነው የመከረኝ፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ይዘህ አትቆይ፣ ያዝ ለቀቅ ያዝ ለቀቅ አድርግ፣ በፎሌ የሚወርድ ሰው ደግሞ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ይውጣ። እኔ ብር እቆጥባለሁ ብዬ የፍሬን ዘይቷን እንኳን ሳልቀይር ነበር የገባሁባት፣ የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ የለሰለሰው ለዛ ነው።

ከዛ በኋላ ነው የባለቤት መጽሐፍ የሚባለውን ነገር አንድ ልጅ በስልኩ ያሳየኝ። ብዙዎቹ ፒክ አፖች የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅዱት 750 ኪሎ ነው፣ 7 ኩንታል ተኩል፣ ፍሬን ላለው ግን እንደ ሞዴሉ ከዛ በብዙ እጥፍ ይሄዳል፣ አዳዲሶቹ እስከ 3.5 ቶን የሚደርሱ አሉ። የኔ ጀነሬተር 14 ኩንታል ሆኖ ፍሬን የሚባል ነገር አልነበረውም። ሚክሰሮቹ በትንሽ ልዩነት ይፈቀዳሉ፣ እሱ ግን አይፈቀድም። ኮምቦልቻ አንድ ብየዳ ቤት ወስጄ ተሳቢው ወደ መኪናው ሲገፋ በራሱ ግፊት የሚይዝ ፍሬን አስገጠምኩለት፣ ከአሮጌ ተሳቢ የተፈታ ነው፣ አሁን ቁልቁለት ላይ ሲገፋኝ ራሱን ይይዛል። የሰማይና የምድር ልዩነት ነው።

መጎተቻውንም ቀየርኩት። ሀጂ የነበራቸው ከኋላ መከላከያው ላይ የተበየደ ነበር፣ መከላከያ ደግሞ ለመጋጨት እንጂ ለመጎተት አልተሰራም፣ አሁን በወፍራም ብረት በሁለቱም የሻንሲ እግሮች ላይ በቡሎን ታስሯል። ከሱ ውጪ የደህንነት ሰንሰለት አለ፣ መጎተቻው ቢለቅ ተሳቢው ገደል ብቻውን እንዳይሄድ። ጀነሬተሩን ስታስሩ ደግሞ ክብደቱ ትንሽ ወደ ፊት ያጋደለ ይሁን፣ ከጠቅላላው አንድ አስረኛው ያህል መጎተቻው ላይ ይረፍ፣ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው ጭራውን እንደ ውሻ ይቆላል፣ ፍጥነት ሲጨምር መኪናውንም ይዞት ይወዛወዛል። ሚክሰር የምትጎትቱ ከሆነ ደግሞ ጎማው ትንሽና ኩሽኔታው ለረጅም መንገድ ያልተሰራ ስለሆነ ከ30 ከ40 አትለፉ፣ ሐይቅ ስትደርሱ በእጃችሁ መሃሉን ንኩት፣ ካቃጠላችሁ ግሪስ ይፈልጋል።

ፍሪሲዮኑን በወሩ ቀየርኩ፣ የፊት ፍሬን ሸራና የኋላውንም፣ የሞተሩን ቀበቶም እንዲሁ፣ መቼ እንደተቀየረ ሀጂም አያስታውሱትም ነበር፣ የ5ኤል ቀበቶ በየ100 ሺ ኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀየረው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይገናኛሉ። ለነዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዘብ አስቀምጡ፣ ያላችሁን ሁሉ መኪናው ላይ አትጨርሱ፣ እኔ ጨርሼ ነው ለፍሪሲዮኑ ከወንድሜ የተበደርኩት።

ቀርፋፋነቷ አሁንም አለ። ባጃጅ ሐረጎ ላይ ሲያልፈኝ መስኮት አውርዶ "አባ፣ ልግፋህ ወይ" ያለኝ ልጅ አለ፣ ገና 34 ዓመቴ ነው። በጭጋግ ቀን ደግሞ ተሳቢው ላይ ሁለት ቀይ መብራት ጨምሬ ነው የምወጣው፣ ሽቦው አንዳንዴ ይነቀልና ይጠፋል፣ ነገ እሱን ላሰራ ቀጠሮ አለኝ።